ላይኞቹ ሲሸነፉ

ባለፈው ሳምንት ኖርዌይ ውስጥ ባደግኩበት ሰፈር፣ ፉሩሴት፣ ከባቡር ወርጄ ወደ እናቴ ቤት ስሄድ የድሮው ኳስ ሜዳ ተገላልጦ አገኘሁት። ሠራተኞች ያረጀውን ሰው ሠራሽ ሣር እንደ ምንጣፍ እየጠቀለሉ መኪና ላይ ይጭናሉ፤ ከሥሩ የተራገፈው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ፀሐይ ላይ ተከምሮ ያንን ሽታ ለቆታል፤ የጋለ ጎማ፣ የረጠበ ካልሲና የከረመ ዝናብ የተቀላቀለበት፣ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ሽታ። እኔ ግን አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። የልጅነት ሽታ ድንገት ሲመጣ ሰው ዓይኑ እንባ ያቀርራል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔን የያዘኝ ንዴት ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ከርሞ እንኳ ያልበረደ፣ ትኩስ ንዴት።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ኑረዲን፣ እኛ ኑሩ የምንለው፣ መሀል ከተማ ካለ ኮሌጅ ምህንድስና ይማር ነበር። ይማር ነበር የሚባለው ለእናቴ ነው፤ ለእኔ ኑሩ የኮሌጁ ቡድን የግራ ክንፍ ነበር። የከተማው ኮሌጆች በረዶው ከሚለቅበት ጊዜ አንስቶ ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጋጠማሉ፤ የእሱ ኮሌጅ የራሱ ሜዳ ስላልነበረው የእኛን ሰፈር ሜዳ ይዋስ ነበር። ተመልካቹ ከተጫዋቹ ያንሳል፤ የተጫዋቾቹ የሴት ጓደኞች፣ አንድ ሁለት ወላጅ፣ ሜዳው የእሱ የመሰለው ውሻ፣ ከዚያ እኔና ጋሽ ተኽለ።

ጋሽ ተኽለ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ነበሩ። ወጣት ሳሉ አስመራ ውስጥ ኳስ ተጫውተዋል፤ ለየትኛው ቡድን እንደሆነ ግን ባወሩ ቁጥር ይለዋወጣል። ታጣፊ ወንበራቸውን በአንድ እጅ፣ የሻይ ፔርሙሳቸውን በሌላው ይዘው ይመጡና ገና ጨዋታው ሳይጀመር ፍርድ ይሰጣሉ። በእሳቸው ሃይማኖት የኳስ ጥፋት ሁሉ የበረኛ ነው፤ በእኔ ሃይማኖት የዳኛ። በዚህ ከሜዳው እስከ ሊፍቱ እንከራከራለን፤ ሊፍቱ ሲመጣም በሩን በእግራቸው ይዘው ክርክራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ እንቆማለን። ጓለይ ይሉኛል፣ ሴት ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ጓለይ፣ ዳኛ እኮ ሰው ነው። በረኛ ግን ሰው መሆን የለበትም» ይሉኛል።

በአንድ ነገር ብቻ አንከራከርም፤ በኑሩ ሩጫ። ኑሩ ሲሮጥ ድምፅ የለውም። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ፣ ከሩቅ የሚጠራውን ሰው የሚያዳምጥ ይመስል፣ የመስመሩን ነጭ ቀለም እየታከከ ይሄዳል፤ ተከላካዩ ዞሮ ሲፈልገው እሱ አልፎታል። ጋሽ ተኽለ ያን ጊዜ ወሬያቸውን አቋርጠው ሻይ የያዘ እጃቸውን አየር ላይ ያቆሙታል። አንድም ቀን አጨብጭበውለት አያውቁም፤ ሻዩ እጃቸው ላይ ይቀዘቅዛል እንጂ።

በዚያ ፀደይ፣ በሜዳው ዳር የተዛቀው በረዶ ገና ቀልጦ ሳያልቅ፣ ላይኞቹ መጡ። የኮሌጃቸውን ስም አልጠራም፤ መጥራት ማክበር ነው። ከከተማው ምዕራብ፣ ከኮረብታው ስለሚመጡ ጋሽ ተኽለ ናቸው ላይኞቹ ያሏቸው። አምበላቸው ቁመተ ረጅም ተከላካይ ነበር፤ ቀይ ጫማ ያደርጋል። ጎበዝ ነበር፤ ይህን መካድ አለመቻሌ ዛሬም ያናድደኛል። ኑሩ አንዴ አለፈው፤ እኔ ጮህኩ። ደግሞ አለፈው፤ ጋሽ ተኽለ ሻያቸውን አየር ላይ አቆሙ። በሦስተኛው ቀይ ጫማ ኳሱን አላየውም። ሁለት እግሩን አንስቶ ገባበት፤ እኔ ከቆምኩበት አንድ አልጋ የማያህል ርቀት ላይ፣ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ዳኛው የእጅ ውርወራ ሰጠ። የእጅ ውርወራ! ኑሩ ጉልበቱን አቅፎ ሲንከባለል ቀይ ጫማ ከላዩ ቆሞ፣ ለዳኛው በእጁ እያሳየ፣ በኖርዌጅኛ «ተነስ እንጂ፣ እዚህ ቲያትር ቤት አይደለም» አለው። ጓደኞቹ ሳቁ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ኑሩን ጋሽ ተኽለና የቡድኑ አሰልጣኝ ደግፈው አወጡት፤ ሐኪም ቤት ሲያዩት የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል።

ያን ዕለት ማልኩ። ወላሂ አልኩ፤ እናቴ ፊት ስለነበር ግን በሆዴ። ቀይ ጫማን ከመግጨት ጀምሮ ብዙ ነገር አሰብኩ፤ ዳሩ ያለኝ ነገር ጉሮሮዬ ብቻ ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ የእኛን ቡድን ትቼ ላይኞቹ የሚጫወቱበት ሜዳ ሄድኩ፤ ያን ቀን የሚገጥማቸው ማንም ይሁን ማን፣ ቡድኔ እሱ ሆነ። ባቡር ጣቢያው ላይ ጋሽ ተኽለን ከነወንበራቸው አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው፣ ጋሽ?»

«አንቺ ወደምትሄጂበት» አሉኝና ወንበራቸውን አሸከሙኝ።

እንዲህ ሆነን የጥላቻ ደጋፊዎች ሆንን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ክፉኛ አዋረደን፤ ላይኞቹ አራት ለዜሮ አሸነፉ። እኛ የደገፍናቸው ልጆች መከላከል አያውቁም፤ እንግዳ ተቀባዮች ናቸው፤ አጥቂ ሲመጣ መንገድ ለቀው ግባ ይሉታል። ጋሽ ተኽለ ግን በረኛውን ብቻ ረገሙ። በሚቀጥለው አንድ ለአንድ ወጡ፤ በእኔ አስተያየት ከዜሮ ለዜሮ የማይሻል ውጤት ነው፤ ምክንያቱም ለላይኞቹ ያገባው ቀይ ጫማ ነበር፤ በጭንቅላቱ፣ ያውም አሳምሮ። ከዚያ በአንድ የዝናብ ቅዳሜ የመምህራን ኮሌጁ መጣ። ወንድ ተማሪ ስለሚያጥረው ቡድኑ ሙሉ የሚሆነው በግድ ነው፤ በረኛው ለባርነሃገ፣ ለሕፃናት መዋያ፣ መምህርነት የሚማር ወፍራም ልጅ ነበር፤ ሕፃናት እንደሚያባብል ሰው እየሳቀ ነው ኳስ የሚይዘው። ያ ልጅ ያን ቀን ያላወጣው ነገር የለም፤ በእግሩ፣ በሆዱ፣ አንዴም በፊቱ። ሁለት ለአንድ አሸነፉ። ጋሽ ተኽለ ከወንበራቸው ተነሡና በዝናቡ ውስጥ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይኸውልሽ ሰው ያልሆነ በረኛ!» አሉኝ።

በላይኞቹ ሜዳ ወላጆቻቸው ቫፈል የሚባል ጣፋጭ ቂጣ ይሸጡ ነበር፤ የቅቤውና የእንጆሪው ሽታ እስከ ጎሉ ድረስ ይደርሳል። እኔ በረሃብ ብወድቅ አልቀምስም ነበር። ጋሽ ተኽለ ግን እየደጋገሙ ይበላሉ። እንዴት የጠላት ይበላሉ ስላቸው አፋቸውን እየጠረጉ «ዱቄታቸውን እየጨረስኩባቸው ነው» አሉኝ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ረመዳን ሆነ። ጋሽ ተኽለ ክርስቲያን ቢሆኑም ለእኔ ሲሉ ፔርሙሳቸውን ከወንበሩ ሥር ደበቁ፤ እኔ ግን ጾሜን ይዤ ስጮህ ውዬ ከንፈሬ ደርቆ እገባለሁ። እናቴ የማፍጠሪያ ሾርባውን እያማሰለች ታየኝና «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትለኛለች። «ልጄ፣ ጾምሽን እኮ ገና በቀትር በስድብ ፈታሽው።» ቀጥታ ሳሎን እገባለሁ፤ ኑሩ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።

የሳምንቱ ሁሉ ድካሜ ለዚያች ሰዓት ነበር። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሬ እተርክለታለሁ፤ ቀይ ጫማ የት እንደተንሸራተተ፣ ማን በእግሮቹ መሀል እንዳሳለፈበት፣ ዳኛው እንዴት እንደታወረ። ኑሩ ይስቃል። «በይ እሺ፣ ስንት ሆነ?» ይለኛል። ስነግረው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ አንዳንዴም «አዎ፣ የሚገባቸው ነው» ይላል። ይህን ሲል መድኃኒት እንደሰጠሁት ይሰማኝ ነበር፤ ጅማቱ በእኔ ወሬ የሚሰፋ ይመስለኝ ነበር።

የዓመቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ላይኞቹና የእኛ ኮሌጅ በኮረብታው ሜዳ ተገናኙ። እኩል ለእኩል ከወጡ ዋንጫው የላይኞቹ ነው፤ ከተሸነፉ ወደ መምህራኑ ይሄዳል። ኑሩን ለምኜ ለምኜ አወጣሁት። አሁን በክራንች አይሄድም ነበር፤ ግን ደረጃ ሲወርድ ባቡሩ የሚጠብቀን ይመስል በየእርምጃው ያስባል። ጋሽ ተኽለ ወንበራቸውን ለቀቁለት፤ አልቀመጥም ብሎ ተከራከረና ተቀመጠ።

ጨዋታው መጥፎ ነበር። ኑሩን የተካው ልጅ ከሰሜን የመጣ ደግ ልጅ ነው፤ ችግሩም ደግነቱ ነው፤ ኳሱን ለለመነው ሁሉ ይሰጣል። ላይኞቹ እኩል መውጣት ስለሚበቃቸው ወደ ኋላ ሸሽተው ተኮለኮሉ። ብርዱ ይቆረጥማል፤ አልፎ አልፎ ውሽንፍር ይመጣል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የማዕዘን ምት አገኘን። ኳሱ ተሻገረ፣ በረኛቸው ወጣ፣ ሳተው፤ ኳሱ የቀይ ጫማን ጉልበት ገጭቶ፣ ዝግ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ እየተንከባለለ፣ በራሱ ጎል ውስጥ ገባ።

አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። ከዚያ ወዲህ ተድሬያለሁ፣ ወልጄያለሁ፣ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ጎል የጣፈጠኝ ነገር ግን ጥቂት ነው። ጋሽ ተኽለ እጄን ይዘው አጠገባችን የነበረ አንድ ውሻ እስኪደነግጥ ድረስ ዘለሉ። ፊሽካው ሲነፋ ላይኞቹ በያሉበት ወደቁ። ቀይ ጫማ ጎሉ ሥር ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ሜዳውን ባጠረው ገመድ ሥር ሾልኬ ገባሁ፤ በጋውን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆሜ የተለማመድኳትን ዓረፍተ ነገር ይዤ።

«ተነስ እንጂ፣ እዚህ ቲያትር ቤት አይደለም!» አልኩት።

ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተናገርኩ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከዚያ በትሕትና፣ በእውነተኛ ትሕትና፣ «ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን?» አለኝ።

በጣቴ ኑሩን አሳየሁት። «እሱንስ? እሱን አታውቀውም?»

ኑሩን አየው። ትኩር ብሎ አየው፤ ለማስታወስ መጣሩ ግንባሩ ላይ ይታያል። «ናይ» አለ፣ አይ ማለቱ ነው፤ «ላውቀው ይገባ ነበር?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲሉ ስሰማ አድጌ ነበር፤ የረሳ ሰው ፊት ግን ቆሜ አላውቅም ነበር። ከፀደይ ጀምሮ የጠላሁት ሰው፣ በእንቅልፌ እንኳ ያሸነፍኩት ሰው፣ እኛ በዓለም ላይ መኖራችንን አያውቅም። ኑሩ እያነከሰ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። «ሀዩ፣ ነይ እንሂድ» አለኝ፤ «ባቡሩ ያመልጠናል።»

ባቡሩ ውስጥ ጋሽ ተኽለ በደስታ ደክሟቸው አንገታቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ፤ አንቀላፉ። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። ኑሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ ጋሽ ተኽለን ከእንቅልፍ እንዳይቀሰቅሳቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከእንግዲህ አልጫወትም፣ ሀዩ» አለኝ። «ሐኪሙ በበጋው ነግሮኛል። ጉልበቱ ለመሄድ ይሆናል፣ ለመሮጥ አይሆንም።»

«በበጋው? ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጪ» አለኝ፣ «ደስ ብሎሽ ነበር የምትገቢው።»

ለካ መድኃኒቱን የሚሰጠው እሱ ኖሯል። ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ «ስንት ሆነ?» ማለቱ፣ ለእኔ ነበር። ከባቡሩ ልንወርድ ስንል ጋሽ ተኽለን ቀሰቀስናቸው፤ ገና በደንብ ሳይነቁ እንደገና ስለ በረኛው ጀመሩ።

ጋሽ ተኽለ ካረፉ ቆይተዋል። በረኛን የሚረግምልኝ ሰው አጥቼ፣ የላይኞቹን ውጤት ዛሬም በየሳምንቱ ብቻዬን አያለሁ፤ ሲሸነፉ ደስ ይለኛል፤ አሁን የሚጫወቱት ልጆች ያኔ ገና ያልተወለዱ መሆናቸው አያግደኝም። ግን ጥላቻም እንደ ምግብ ነው፤ ለብቻ ሲበሉት ይቀዘቅዛል።

ኑሩ አሁን የሚኖረው በከተማው ሌላ ሰፈር፣ ፕሪንስዳል ነው፤ ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ነው፣ አግብቷል፣ ሆዱም ትንሽ ወጥቷል። በዒድ ዕለት ቤቱ ተሰብስበን ሳለ ሴት ልጁ ከትምህርት ቤት የሩጫ ሜዳልያ ይዛ መጥታ ነበርና ጭኑ ላይ ወጥታ፣ ግማሹን በኖርዌጅኛ ግማሹን በአማርኛ፣ «አባ፣ አንተስ ልጅ ሆነህ ፈጣን ነበርክ?» ብላ ጠየቀችው። ተነስቼ ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። እናታችን ሜዳ ወርዳ አታውቅም፤ ፊልም ያነሳው ሰው የለም፤ ጋሽ ተኽለ የሉም፤ ያ ሩጫ ዓለም ላይ የቀረው በእኔ ዓይን ብቻ ነው። ኑሩ ግን ቀድሞኝ የልጅቱን ፀጉር እያስተካከለ ፈገግ አለና፣

«ናይ» አላት፤ «መካከለኛ ነበርኩ።»

ለተበጠሰው ጅማት ቀይ ጫማን ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። ወንድሜን ላስባላት ለዚያች «መካከለኛ» ግን፣ አልምረውም።