ለጎረቤት ያልበቃው ማጣሪያ

የመጀመሪያዋ ማጣሪያዬ መዳፌን አታህልም ነበር። ቦንጋ፣ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ፖሊመር ከሚባሉት የኬሚካል ፈሳሾች አንዱ ውስጥ እነክራለሁ፣ አለቀልቃለሁ፣ ሌላው ውስጥ እነክራለሁ። ንብርብሩ ሲበዛ የውሃውን ጭቃም ጀርምም ያስቀራል። አንድ ብርጭቆ ለማጣራት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል፤ ኩራቴ ግን አይጣል ነበር።

ዋጫ ከተማ አጠገብ ለምትኖረው እናቴ ወሰድኩላት። ክረምት ሲገባ ምንጩ ይደፈርሳል፣ የእሷ ሆድ ደግሞ አይችልም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያንን ውሃ ካላቆመች እንደማትተርፍ በግልጽ ነግራታለች። አጣርቼ ሰጠኋት። ብርጭቆውን አየት አድርጋ ደጅ ወጣችና ጎረቤቶቿን ጠራች። እኛ ሰፈር አዲስ ነገር ለብቻው የሚቀምስ የለም። ብርጭቆው ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ ከንፈሯን ብቻ አራሰች።

«እማ፣ ለአንቺ እኮ ነው ያመጣሁት።»

«ሰው እያየኝ ብቻዬን ልጠጣ? ምን ነካሽ ልጄ? ለሁላችን ስታደርሺ ያኔ እጠጣለሁ።»

ተናደድኩ። ግን እሷን ከመለወጥ ማጣሪያውን ማስፋት ይቀላል አልኩ።

የት አባቱ ይቀላል። ሰፊውን ፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ስነክረው ታች ይወፍራል፣ ላይ ይሳሳል። እንጨት ሥራ ቤት ሄጄ የፕላስቲኩን ጥቅልል ከገንዳ ወደ ገንዳ እየተሽከረከሩ የሚያሳልፉ ድቡልቡል እንጨቶች አሠራሁና ሞተር ገጠምኩላቸው። መብራት እንደ ልማዱ መሃል ላይ ይሄዳል፤ ገንዳ ውስጥ የቀረው ያብጥና ይበላሻል። ስንቱን ጥቅልል ጣልኩ። በዚህ መሃል፣ ሐምሌ ላይ፣ እናቴ ሞተች። ሆዷ ነው።

ከለቅሶ ተመልሼ ሞተሩን በባጃጅ ባትሪ አስነሳሁት። አለቃዬ «ይሄ ፕሮፖዛሉ ላይ የለም» ብለው አላገጡ። ጥቅልሉ ሳይቆም አለቀ፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ገንዳዎቹን አጠብኩ።

መስከረም ላይ አዲሱን ማጣሪያ በርሜል ላይ ገጥሜ ሰፈራችን ወሰድኩት። ጎረቤቶቿ በየጣሳቸው ቀዱ፣ ግን ማንም አልጠጣም። የፈሩ መስሎኝ «ንጹህ ነው፣ ጠጡ» አልኩ።

እናቴን ያስታመሙት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺም ቅጂ እንጂ። ብቻችንን ልንጠጣ ነው?»

ቤት ገብቼ የእናቴን ብርጭቆ አመጣሁ። ቀድቼ ጠጣሁ፤ ጣዕሙ አልታወቀኝም። ከዚያ ሁሉም ጠጡ። በርሜሉ ለሁሉም ደርሶ ገና አልተጋመሰም ነበር። ለሁላችን ሲደርስ ያኔ እጠጣለሁ ያለችው እናቴ ብቻ አልነበረችም፤ እነሱም እኔ ሳልቀዳ አልጠጡም።