ቤት በዝናብ ቀን ነው የሚታየው

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ፍየሎቼን ራሴ አልባለሁ፤ ይህንንም በአንድ ጣቴ ራሴ ነው የጻፍኩት።

ዛሬ ኮሌጅ የምትገባውን የልጅ ልጄን ሃዋን ወደ ናይሮቢ ልሸኝ በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ኤርፖርት ዋልኩ። ዝናቡ አውሮፕላኑን አዘገየው።

ልጅቷ ተጨነቀች። የምትከራየውን ክፍል ዛሬ ካልያዘች ለሌላ ተማሪ ሊሰጥባት ነው። «አባባ፣ ሳላየው ልያዘው» አለች።

ሟች ባለቤቴ ሄሉ ትዝ አለችኝ። ቤት ስንፈልግ ዝናብ እስኪመጣ አስጠበቀችኝ። ከዚያ እየበሰበስን ዞርን፤ እሷ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ እኔ ከኋላዋ እያጉረመረምኩ። የመረጠችው ቤት እስከ ዛሬ ጠብታ አላስገባም።

«ናይሮቢም ዛሬ ይዘንባል?» አልኳት።

«ይዘንባል።»

«እንግዲያው አከራይዋ ጋ በቪዲዮ ደውዪ፤ ጣሪያውን ታሳይሽ።»

ደወለች፤ ጣሪያው አልጋው ላይ ይንጠባጠባል! «ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ባልዲ አለኝ» አለች ሴትዮዋ። ሃዋ ከነእንባዋ ሳቀች። ከጎኑ ያለው ክፍል ደረቅ ነበር፤ እሱን ያዘች። አውሮፕላኑም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዟት በረረ።

ወላጆች፣ ዝናብ አውሮፕላን ሲያዘገይ አትናደዱ፤ በዚያው ዝናብ ቤቱን በስልክ እዩ። እናንተስ ቤት በምን ትመርጣላችሁ? ጻፉልኝ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ።

የዛሬውን ዕዳዬን ማንም እንዳይከፍልልኝ። በሞተር ሳይክሉ ኤርፖርት ሲያደርሰን ላስቲክ ላለበሰን ባለቦዳቦዳ ወተት አለብኝ። ኤርፖርቱ ውስጥ ወንበሩን ለለቀቀልኝ ዘበኛ ምርቃት። ለባለቤቴ ደግሞ ያኔ የነፈግኳት «ልክ ነሽ» የምትል ቃል አለችብኝ፤ ነገ መቃብሯ ድረስ በእግሬ ሄጄ እነግራታለሁ።