ኪስ የሌለው ቀሚስ

ታናሽ እህቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው የሀብታም ሚስቶችን ቀሚስ ስትሰፋ ነው። ከከንፈሯ እስፒል ስለማይጠፋ ደንበኞቿ «ዝምተኛዋ» ይሏታል።

አንድ ነጋዴ ሚስቱን ይዞ የመጣ ዕለት እኔ ጥግ ተቀምጬ ቁልፍ እተክል ነበር። ጨርቁንም ቁመቱንም የመረጠው እሱ ነው። እህቴ ወገቧን ስትለካት ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኪስ ይኖረዋል?» አለች።

ባልየው ሰምቶ ሳቀ። «ምን ልትከቺበት? ምን ጎደለሽ?»

«እማዬ ታማለች። ለታክሲ እንኳ...»

«ሾፌር አለሽ አይደል?»

«አንተ ካላዘዝከው መች ይወስደኛል?»

«እንግዲህ ሳዝዘው ትሄጃለሽ። ኪስ የሚባል ነገር አልፈልግም።»

አንገቷ ላይ ያሰረላት ወርቅ ቤት ይገዛል፤ የታመመች እናቷ ዘንድ የሚያደርሳት ሳንቲም ግን የላትም። ጎረቤት «ታድላ» የሚላት እንዲህ ያለችውን ነው።

ቀሚሱ አልቆ ሴትዮዋ ስትለካው ባልየው ደጅ ስልክ ያወራል። እህቴ እጇን ይዛ ገበሩ ውስጥ ወደደበቀችው ኪስ አስገባችው። እሱ ከከፈለው ቀብድ ላይ የታክሲ አስቀምጣላታለች።

ሴትዮዋ «ለብሼው ልውጣ» ብቻ አለች። ባሏን በአጠገቡ አልፋ፣ መኪናውንም አልፋ፣ መንገድ ተሻግራ ታክሲ አስቆመች።

ባልየው እየጮኸ ተመልሶ ገባ። «ምን ብለሻት ነው?»

እህቴ እስፒሎቿን ከንፈሯ ላይ መልሳለች። ቀና ብላም አላየችው።