አባቴን ወደ ትሪው የመለሱልን ዶክተር አማረች

ጠዋት ከሶዶ ተደውሎ «ዶክተር አማረች አረፉ» ስባል «የትኛዋ?» አልኩ። ሌላ ዶክተር አማረች እኮ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ወደ ቤሌ በሚሄደው አውቶቡስ መስኮት እጃቸውን አውለብልበውልኝ ነበር።

ለማታውቋቸው፦ የኒውሮሳይኮሎጂ ባለሙያ ነበሩ። አንጎል ሲጎዳ የሰው አስተሳሰብና ጠባይ ምን እንደሚሆን ይመረምራሉ። በእኛ አካባቢ ይህን ሥራ የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ ብዙ ዓመት ብቻቸውን ሠሩት። ከውጭ የመጣውን የመፈተኛ ሥዕል ትተው ጎደሬና እንሰት አሳሉ። «የሁምቦ ገበሬ የበረዶ መንሸራተቻ አላወቀም ብዬ አእምሮው ደክሟል ልበል እንዴ?» ይሉ ነበር። ጥያቄውንም በወላይትኛ አደረጉት።

እኔ ያወቅኳቸው በአባቴ ነው። ቦዲቲ ቤታችን እያለ ስትሮክ መታውና ተረፈ። መራመድ ቻለ፣ ጨዋታውም እንደ ድሮው ነበር። ትሪ ሲቀርብ ግን በግራው ያለውን ቆጮ ትቶ በቀኙ የተቀመጠው እንግዳ ፊት እጁን ይሰዳል። ሰው ይሳሳቅ ጀመር። አጎቴማ «አጠገቡ ተቀምጬ ሰላም ስለው ዘጋኝ» ብሎ ተቀየመ።

እኔ አፈርኩ። «ለብቻው ጓዳ ይቅረብለት» አልኩ። የበኩር ልጅ ነኝና ያልኩት ሆነ። አባቴ ሦስት ወር ጓዳ በላ።

ዶክተር አማረች ቤት ድረስ መጡ። «ሳንፈትሽ አንፍረድ»፤ ሁሌም የሚሏት ነገር ናት። ጓዳ ገብተው አብረውት በሉ። ግማሹን ትቶ «ጠገብኩ፣ አለቀ» ሲል ትሪውን አዞሩት። አባቴ የተረፈውን አየና መብላቱን ቀጠለ። እናቴ እዚያው አለቀሰች።

ዓይኑ ደህና ነው፣ በግራው ያለውን ነገር ግን አንጎሉ ልብ አይልለትም አሉን። ግራ እጁን የትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጡለትና «ከእጅዎ ይጀምሩ» አሉት። ስንት ቀን እየተመላለሱ አለማመዱት። ከዚያ ወዲህ ከእኛው ጋር ነው የሚበላው። አጎቴም ብልጥ ሆኗል፣ በቀኙ ነው የሚቀመጠው።

ዶክተር፣ ባገኙኝ ቁጥር «አባትህን ይቅርታ ጠየቅከው?» ይሉኝ ነበር። እኔም «አዎ» እል ነበር። ዋሽቼዎታለሁ። ዛሬ ማረፍዎን ስነግረው፣ ያን ጊዜ ጓዳ ስላስቀመጥኩት ይቅር በለኝ አልኩት። «ለቀብሩ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አለኝ።

ለባብሶ በር ላይ ቆሟል። ደህና ይሁኑ ዶክተር፣ አብረን እየመጣን ነው።