አልነሳም የሚባለው አፋፍ

የወጣንባትን ንጋት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የአገሬ ሰዎች! ባሌ የንጉሡ መድፍ ለሚሠራበት ለጋፋት ምድጃ ግንድ ጎትት ተብሎ ከተወሰደበት አምልጦ መጥቷል፤ ከተያዘ እግሩን አይተዉለትም። ጉሙ ሳይገለጥ ከመንደራችን ከአህያ አስለቅስ ተነሣን። እናቴ እስከ አፋፉ ሸኘችን።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር ሸኚ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይገባም። መንገደኛው ማዶ ወጥቶ ነጠላውን እስኪያውለበልብለት ቁጭ ብሎ ያያል። ያን ሳያይ ከተነሣ መንገደኛው አገሩን ዳግም አያይም ይባላል። እናቴም ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና «በይ ሂጂልኝ፤ ማዶ ስትደርሺ አሳዪኝ» አለችኝ።

ማዶ ወጥቼ ክንዴ እስኪዝል አውለበለብሁ። ጉሙ ግን ሸለቆውን ሞልቶታል፤ ምን ታያለች የኔ እናት! ባሌ እየጎተተ ወሰደኝ።

ምጽዋ ደረስን። ወይ ሙቀት! ነፋሱ ራሱ ፊት ይለበልባል። እህሉ ማሽላ፣ ወጡ ዓሣ፣ የጉድጓዱ ውኃ ጨው ጨው ይላል። የደብረ ታቦር ብርድ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? በከተማው በር ላይ ዘበኛው በአስተርጓሚ «አገርሽ ማን ይባላል?» አለኝ።

«አህያ አስለቅስ።»

«ደግሞ ይኼ ምን ማለት ነው?»

«ዳገቱ አህያ ያስለቅሳል፣ ጌታዬ።»

«ሰውስ አያለቅስም?» ብሎ ሳቀ።

«ለሰው ልቅሶማ ማን ስም ያወጣለታል!» አልሁት።

ባሌን ንዳድ ወሰደብኝ። እኔም ለነጋዴዎች ወጥ እየሠራሁ ብዙ ክረምት ከረምሁ። በቀደም አንድ ዲያቆን ኢየሩሳሌም ሊሳለም መርከብ ሲጠብቅ ቤቴ አረፈ። አነጋገሩን ብሰማው የአገሬ ነው።

«ልጄ፣ ከወዴት ነህ?»

«ቅኔ የተማርሁት ከደብረ ታቦር በታች ነው፤ አልነሳም ከሚባለው አፋፍ ዘንድ።»

«እንዲህ የሚባል ቦታ አላውቅም።»

«የጥንት ስም ነው አሉ፣ እሜቴ። አንዲት እናት ልጇን ስትሸኝ ጉም ጋረደባት። ሰው ሊያነሣት ቢመጣ ‹ማዶ መውጣቷን ሳላይ አልነሳም› አለች። ማታ ጎትተው ቢያስገቧት ጠዋት ተመልሳ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ! ከዚያ ወዲህ አፋፉ ስሙ አልነሳም ሆነ።»

እጄ ላይ የነበረው ቅል ወደቀ። «ሴትዮዋስ? በሕይወት አለች?» አልሁት።

«ኧረ እሜቴ፣ ተረት እኮ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ።

የአገሬ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ በዚያ የሚያልፍ ካለ ድንጋዩን ይይልኝ። ከተቀመጠች፣ ልጅሽ ያን ጠዋት ማዶ ወጥታለች፣ አውለብልባልሻለች፣ በቃ ተነሺ በሏት።