ከምግብ በኋላ የሚዋጥ

አዳማ ውስጥ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለቤቱ ጋሽ ወርቁ ነጭ ጋዋን ሰጡኝና ሙያውን በአንድ ትንፋሽ አስተማሩኝ። «ሐኪሙ ይጽፋል፣ አንቺ ትሰጫለሽ፣ በሽተኛው ይውጣል። ሌላው ፖለቲካ ነው።» ዓመታት ፋርማሲ የተማርኩት ለካ በከንቱ ነበር።

ከባንኮኒው ጀርባ ጡረታ እስክወጣ ቆምኩ። የሐኪም ጽሕፈት ማንበብ ከባድ ነው ይላሉ። እሱስ ቀላሉ ነው።

ኦቦ ገመዳ ወንጂ የአገዳ መፍጫ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ። ከስኳር ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ግን በጡረታ አላበቃም፤ ደማቸው ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ከረጢቱ ላይ እየጻፍኩ፣ «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» አልኳቸው።

«አንዱ ከምሳ በኋላ ይሁን። ሌላውስ ከምን በኋላ ነው፣ ልጄ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሐኪማቸው ደግሞ አትክልትና ዓሣ እንዲያዘወትሩ መክሯቸዋል። መልካም ምክር ነው። የአካባቢው ቲማቲምና ዓሣ በየቀኑ በደጃቸው ያልፋሉ፤ መኪና ላይ ተጭነው፣ ወደ አዲስ አበባ። ማየቱም ሳይጠቅም አይቀርም።

ስኳራቸው በየምርመራው እንደ ቤት ኪራይ ጨመረ። ሐኪሙ እንክብሉን እጥፍ ጉልበት ወዳለው ቀየረው። ኦቦ ገመዳ አዲሱን ማዘዣ ይዘው ሲመጡ ፊታቸው በርቷል። በሽታው ስለባሰበት እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

«አሁን ይበቃናል!» አሉ።

«ለእነማን?»

ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱም ስኳር አለባቸው። ጡረታው ሁለት በሽተኛ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱን እንክብል በቢላ ለሁለት ይሰብሩታል። አዲሱ ሲሰበር ግማሹ የድሮውን ሙሉ ያህላል። ሐኪሙ ሳያውቅ ለሁለት ሰው አዘዘ ማለት ነው።

«እሳቸው እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት። እግሯን ብቻ ትንሽ ደንዝዟታል።»

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ «ፖለቲካ ጀመርሽ» ብለው ፈቀዱልኝ። አዴ ጫልቱ ትንሹን የእግራቸውን ጣት በጨርቅ ጠቅልለዋል። ሚስማር ወግቷቸው አልተሰማቸውም። ጨርቁን ስፈታው ጣቱ ጠቁሯል።

እጄን ያዙኝ። «ለእሱ አትንገሪው። ጡረታውን ለእኔ ሲል ይጨርሰዋል፤ ከዚያ እሱ ምን ይውጣል?»

ነገርኩ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ያን ዕለት ቀበሌውም፣ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም ድንገት ልበ ቀና ሆነ፤ የጤና መድን ወረቀትም ተገኘላቸው። መጀመሪያ ጣታቸው ተቆረጠ፤ ከዚያ የመድን ካርድ ተቆረጠላቸው። በእኛ አገር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ከኦቦ ገመዳ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚቀለድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እጃቸውን እያዩ፣ «ግማሽ አልበቃትም» አሉ።

አዴ ጫልቱ ድነው በምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። የየራሳቸውን መድኃኒት ለመውሰድ አብረው ይመጡ ነበር፤ ወረፋውም ላይ ይነታረካሉ። የኦቦ ገመዳም ስኳር በእጥፉ እንክብል ሳይሆን ሳይሰብሩ በሚውጡት በድሮው እንክብል ወረደ።

ወጣት ባልደረቦቼ፣ ለአዛውንት መድኃኒት ስትሰጡ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ትነግራላችሁ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚውጠውም ጠይቁ።