በእማማ ጫልቱ ቤት ያልጠጣሁት ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጠርሙስ አጠብኩ። ጉርድ ሾላ በሚገኘው የውሃ ጥራት ላቦራቶሪያችን የናሙና ጠርሙስ ሲሰጠኝ፣ ጉብዝና መስሎኝ ከፍቼ በቧንቧ ውሃ አለቀለቅሁት። የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ተሾመ ከእጄ ወስደው ወደ ኦቶክሌቩ፣ በእንፋሎት ወደምንቀቅልበት ማሽን፣ መለሱት። ለባክቴሪያ ምርመራ የተዘጋጀ ጠርሙስ እንደማይለቀለቅ፣ የክዳኑም ውስጥ በጣት እንደማይነካ አስረዱኝ። አልተቆጡም። ለዚያ ትዕግሥታቸው እስከ ጡረታዬ ሳመሰግናቸው ኖሬያለሁ።

የኔ ድርሻ ከቦሌ ለሚ ባሻገር ያሉ የገበሬ መንደሮች ነበሩ። ሰዉ የሚጠጣው ወንዙን ነው። ከላይ ከብቱ ይገባበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፤ ከታች ጀሪካን ይሞላበታል። የጠርሙሱን አፍ ወደ ወራጁ አዙሬ እሞላለሁ፣ በበረዶ ሳጥን አድርጌ ሳይመሽ ላቦራቶሪ አደርሳለሁ። ውሃውን በስስ ማጣሪያ አሳልፈን፣ ማጣሪያውን ትንሽ ሳህን ላይ አድርገን ሙቀት ውስጥ እናሳድረዋለን። ጠዋት ሰማያዊ የባክቴሪያ ነጠብጣብ ከበቀለበት፣ ውሃውን ዓይነ ምድር ነክቶታል ማለት ነው። የዚያ ወንዝ ሳህን ሁልጊዜ እንደ ዥጉርጉር ዶሮ ሆኖ ነበር የሚያድረው።

አንድ ቀን የታሸገውን ሳህን ይዤ ሄጄ ለመንደሩ ሰዎች አሳየኋቸው። ተገረሙ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ይሄ እኮ እናንተ ጋ የበቀለ ነው፣ እኛ ወንዛችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም አሉኝ። የበቀለውስ እኛ ጋ ነው።

እማማ ጫልቱ ቤታቸው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። የልጅ ልጃቸውን ቢፍቱን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። በሄድን ቁጥር «ዱጊ፣ ጠጪ ልጄ፣ ፀሐይ መቶሻል» እያሉ ውሃ በጣሳ ይዘው ይወጣሉ። ደንባችን ናሙና ከምንቀዳበት ቦታ መጠጣት ይከለክላል፤ የሰው ውሃ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። አቶ ተሾመ ያበጁልን መላ «ፆም ላይ ነኝ» ማለት ነበር። ለኔ ሠራ። የወሎው ልጅ ሹፌራችን ሁሴን ግን፣ እኔ የምተርፈው በረመዳን ብቻ ነው እያለ ከመኪናው አይወርድም ነበር።

የቢፍቱ ሆድ ደህና ሆኖ ሳምንት አይዘልቅም። ጤና ጣቢያ ይወስዷታል፣ ይሻላታል፣ ተመልሳ ያንኑ ውሃ ትጠጣለች። በሄድኩ ቁጥር ይበልጥ ከስታ አገኛታለሁ። አንድ ቀን ስመጣ የለችም እንዳይሉኝ እፈራ ነበር።

ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ ረቡዕ ቀን ሄድን። ጣሳው መጣ። አፌ ለምዶበት ፆም ላይ ነኝ አልኩ። እማማ ጫልቱ ትክ ብለው አዩኝ። በሃምሳው ረቡዕም ዓርብም እንደማይፆም የማያውቅ ክርስቲያን የለም።

«በሃምሳ ማን ይፆማል?» አሉኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። ውሃዬን ተጠይፈሽው ነው?»

«ተጠይፌው አይደለም እማማ፤ ፈርቼው ነው። ያሳምመኛል ብዬ።»

ዞር ብለው አዩ። ቢፍቱ ደጃፉ ላይ ጋደም ብላለች።

«አንቺ ትልቋ የፈራሽውን ይቺ እንዴት ትቻለው?» አሉና ጣሳውን ደፉት። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ምን ላድርግ ሲሉኝ፣ እስኪንተከተክ ያፍሉት አልኳቸው። ማገዶውን አንቺ ታመጪልኛለሽ ወይ ብለው ሞገቱኝ፤ እውነታቸውን ነው። በኋላ የቢፍቱን ብቻ ለማፍላት ተስማማን። ለጎረቤት የነገሩትም እሳቸው ናቸው፤ መርማሪዋ ራሷ አትጠጣውም ብለው። ወሬው ከኔ ሳህን በልጦ መንደሩን አዳረሰ።

ክረምቱ ወጥቶ ስመለስ ቢፍቱ ወደ መኪናችን እየሮጠች መጣች። ጉንጯ ሞልቷል። እማማ ጫልቱ ጣሳውን ይዘው ወጡ፣ አስቀድመው ራሳቸው ተጎነጩና ሰጡኝ።

«የፈላ ነው» አሉኝ። «ጣዕም የለውም። ጠጪ።»

እውነትም ጣዕም አልነበረውም፤ ጭስ ጭስ ይላል። አንድ ጠብታ ሳላስቀር ጨረስኩት። ሁሴንም ከመኪናው ወርዶ ድርሻዬስ አለ።

ሥራውን ለተረከባችሁ የምለው ይኸው ነው። የማትጠጡትን ውሃ ለምን እንደማትጠጡት ለሚጠጣው ሰው ንገሩት።